ሃዋይ፣ ፖርቶ ሪኮ፣ ፑንታ ካና ወይስ ዛንዚባር? በፖይንት ቤተሰብ ይዞ ደሴት ለሚሄድ

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ባለቤቴ ስልኳን አቀበለችኝና "እየው፣ ስንት ደርሷል" አለችኝ። 412 ሺህ ፖይንት፣ ባንኩ በክሬዲት ካርድ ለከፈልነው የሚሰጠን፣ ሆቴልና ትኬት የሚገዛ ነጥብ። አራት ዓመት ሙሉ ግሮሰሪው፣ ቤንዚኑ፣ ዳይፐሩ፣ የመኪናው ጎማ ሳይቀር በካርድ ሲከፈል የተጠራቀመ ነው። ልጆቹ ሲሰሙ "ባሕር!" አሉ። ከአዲስ አበባ አሜሪካ ድረስ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴም "እኔ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ አያችኋለሁ" ብላ ፈቀደች። ሁለት እኛ፣ ሦስት ልጆች፣ አንድ አያት። ስድስት ሰው።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሒሳብ ስሠራ አመሸሁ። ስለ ፖይንት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ለሁለት ሰው የተጻፈ ነው። ሁለት ወንበር፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ትልቅ አልጋ። ወደ እኛ ቤት ሲመጣ ሒሳቡ ይገለበጣል። ፖይንት ለክፍሉ ይከፍላል፣ ለቤተሰቡ ግን አይከፍልም። ቁርሱ፣ የመኪና ማቆሚያው፣ ቪዛው፣ ጀልባው፣ ሦስተኛው ልጅ ስለማይገባ የሚያዘው ሁለተኛ ክፍል፣ ይኼ ሁሉ ከኪስ ነው። ስለዚህ አራቱን ቦታዎች ሳነጻጽር የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፦ ፖይንቱ ከተከፈለ በኋላ ስንት ይቀራል?

መጀመሪያ ፓስፖርቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ

አበሻ ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ወረቀት የያዘበት ጊዜ ብርቅ ነው። ልጆቹ የአሜሪካ ፓስፖርት፣ አባት ግሪን ካርድ፣ እናት ገና ትናንት ቃለ መሐላ የፈጸመች፣ አያት የጎብኚ ቪዛ። ግማሹ ምርጫ እዚሁ ላይ ያልቃል።

ሃዋይና ፖርቶ ሪኮ አሜሪካ ናቸው። ቪዛ የሚባል ነገር የለም። ከግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአገር ውስጥ በረራ ሪል አይዲ የሚባለው መታወቂያ ይጠየቃል፣ ግን ግሪን ካርድም ሆነ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይሠራል። ለእናቴ ይህ ወሳኝ ነበር። ከሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የጎብኚ ቪዛ የአንድ ጊዜ መግቢያ ሆኗል። እንዲህ ዓይነት ቪዛ ያላትን እናት ይዛችሁ ፑንታ ካና ከሄዳችሁ መውጣቱ ይቻላል፣ መመለሻው ነው የሌለው። ቪዛዋ ላይ ስንት መግቢያ እንደተጻፈ ሳታዩ ምንም ትኬት አትቁረጡ።

የጥገኝነት ጉዳያቸው ገና ያላለቀላቸው ደግሞ ፖርቶ ሪኮም ሆነ ሃዋይ ከመሄዳቸው በፊት ጠበቃቸውን ቢያናግሩ ይሻላል። አገር ውስጥ ነው ተብሎ ብቻ አይታለፍም፤ ኤርፖርት ላይ ጥያቄ ሊነሳ ይችላል።

ፑንታ ካና ያለችበት ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ግሪን ካርድ ላለው ሰው ቪዛ አትጠይቅም። ኢ-ቲኬት የሚባል የመግቢያ ቅጽ በኢንተርኔት ይሞላል፣ በነጻ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ከገጠማችሁ መንግሥት አይደለም፣ ውጡ።

ዛንዚባር ላይ ግን ቁጭ ብላችሁ ደምሩ። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለታንዛንያ ቪዛ 100 ዶላር ይከፍላል። ሕጻኑም ያው ነው። አምስት የአሜሪካ ፓስፖርት ማለት 500 ዶላር ነው። በዚያ ላይ ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዛንዚባር የራሷን የጉዞ ኢንሹራንስ ግዴታ አድርጋለች፣ ለአዋቂ 44 ዶላር። ሌላ ቦታ የገዛችሁት ኢንሹራንስ አይተካውም። አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ይረሳል፦ አዲስ አበባ ሰንብቶ ታንዛንያ የሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ከአሜሪካ ስትነሱ ማንም አያስታውሳችሁም።

ፖይንት ሁሉ እኩል አይደለም

አንድ ሆቴል በሌሊት 25 ሺህ ይላል፣ ሌላው 95 ሺህ። ሁለተኛው ዘራፊ ይመስላል። ግን አንደኛው ሃያት፣ ሁለተኛው ሂልተን ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የቼዝ ባንክ ካርድ ፖይንት ወደ ሃያት አንድ ለአንድ ይዛወራል። የአሜሪካን ኤክስፕረስ ካርድ (አሜክስ) ፖይንት ወደ ሂልተን ሲሄድ አንዱ ሁለት ይሆናል። ስለዚህ 95 ሺህ የሂልተን ማለት 47,500 የአሜክስ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ክፍሉ በካሽ ቢከፈል ከነታክሱና ከነሪዞርት ፊው ስንት ነው? በፖይንት አድርጋችሁም የሚያስከፍሏችሁ ነገር ካለ ቀንሱ። የቀረውን ለፖይንቱ አካፍሉ። ክፍሉ 530 ዶላር ሆኖ 25 ሺህ ከጠየቁ አንዱ ፖይንት ከ2 ሳንቲም ትንሽ ይበልጣል። ጥሩ ነው። 570 ዶላር የሚያወጣ ክፍል በ47,500 የአሜክስ ፖይንት ከሆነ 1.2 ሳንቲም ነው። መጥፎ ባይባልም አያስጨፍርም።

እዚህ ላይ ሪዞርት ፊ የሚባለውን ጠላት እናስተዋውቅ። ፎጣና ዋይፋይ በሚል ሰበብ በየሌሊቱ የሚጨመር ክፍያ ነው። ሃያትና ሂልተን ሌሊቱን ሙሉ በሙሉ በፖይንት ከከፈላችሁ አያስከፍሉም። ማሪዮት ውስጥ ያሉ ብዙ ሪዞርቶች ግን በፖይንት ለመጣም ያስከፍላሉ። 50 ዶላር ቢሆን፣ ለ5 ሌሊት በ2 ክፍል 500 ዶላር ነው። "ነጻ" ብላችሁ ገብታችሁ 500 ዶላር ከፍላችሁ ስትወጡ ምን እንደሚሰማ እኔ አውቀዋለሁ፣ የት እንደሆነ ግን አልናገርም።

ማሪዮትን ግን ጨርሶ አልጣልኩትም። ሂልተንም ማሪዮትም አምስት ሌሊት ለሚያድር ሰው አምስተኛውን በነጻ ይሰጣሉ። ማሪዮት ለሁሉም አባል ነው። ሂልተን ሲልቨር ከሚባለው የአባልነት ደረጃ ጀምሮ ነው፣ ሲልቨር ደግሞ ዓመታዊ ክፍያ ከሌለው የሂልተን ካርድ ጋር አብሮ ይመጣል። ከላይ በሌሊት 95 ሺህ ያልነው፣ የአራት ሌሊቱ ዋጋ ለአምስት ሲከፋፈል በሌሊት 76 ሺህ ይሆናል። ሃያት እንዲህ ዓይነት ስጦታ የለውም። ስለዚህ ሦስት ሌሊት ከሆነ ሃያትን፣ አምስት ከሆነ ሁሉንም ደምራችሁ እዩ።

በነገራችን ላይ ካርዱ ላይ ዕዳ እያዞራችሁ ከሆነ ይህን ሁሉ አቁሙ። ወለዱ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ነው። ፖይንት ያን አይሸፍንም።

ሃዋይ፦ ውቧና ሩቋ

ሃዋይ ለፖይንት ሰው ገነት ናት። ካዋይ ደሴት ላይ ግራንድ ሃያት አለ። ማዊ ደሴት ላይ አንዳዝና ሃያት ሪጀንሲ አሉ፣ ሁለቱም የሃያት ናቸው። ዋይኪኪ ላይ የሂልተኑ ሃዋይያን ቪሌጅ አለ፣ ራሱን የቻለ ሰፈር ማለት ነው፤ ልጆች የሚዋኙበት ጸጥ ያለ ሐይቅ አለው፣ ዓርብ ማታ ርችት አለ። ለልጅ ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

ችግሩ መንገዱ ነው። ከዋሽንግተን አካባቢ ቀጥታ በረራ ብታገኙ እንኳ ከ10 ሰዓት በላይ ነው። ለስድስት ሰው ወንበር በፖይንት መፈለግ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ብዙ አየር መንገዶች በዝቅተኛው ዋጋ የሚለቁት የፖይንት ወንበር ጥቂት ነው። ሁለት ይገኛል። ስድስት ሲባል ወይ ዋጋው ይዘላል ወይ ቤተሰቡ ለሁለት ይከፈላል። አንድ ምሽት እኔና ትልቁ ልጄ በአንዱ በረራ፣ የቀሩት በሌላው የሚሄዱበትን መንገድ አግኝቼ ደስ ብሎኝ ነበር። ባለቤቴ ሁለት ልጅና አያት ይዛ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ አራት ሰዓት እንደምትጠብቅ ስነግራት መልስ አልሰጠችኝም።

ቁርስም አለ። የሆቴል ቁርስ ለስድስት ሰው ሃዋይ ላይ በቀን ከመቶ ዶላር በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው። የሂልተን ጎልድ አባልነት ያድናል እንዳትሉ፣ አሜሪካ ውስጥ የሚሰጠው ቁርሱን ሳይሆን ትንሽ የምግብ ክሬዲት ነው፣ እሱም ለሁለት ሰው የታሰበ ነው።

ሃዋይ ከሄዳችሁ የእኔ ምክር ኩሽና ያለው ክፍል ነው። የማሪዮት የዕረፍት ቪላዎች፣ ለምሳሌ ኦዋሁ ላይ ኮ ኦሊና፣ በፖይንት ይያዛሉ። ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያ ያላቸው አሉ። ሽሮና ትንሽ እንጀራ ሻንጣ ውስጥ ያስገባ ሰው እዚያ ንጉሥ ነው። አያትም ደስ ይላታል። ፖይንቱ ቢበዛም የምግቡ ወጪ ሲቀንስ ይካካሳል።

ፖርቶ ሪኮ፦ ማንም የማያወራላት

ፎቶዋ እንደ ሃዋይ አይጮህም። ግን ከባልቲሞር ዋና ከተማዋ ሳን ህዋን ቀጥታ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ሳውዝዌስት የሚባለው አየር መንገድ ይበርራል፣ የቼዝ ፖይንት ወደ ሳውዝዌስት አንድ ለአንድ ይዛወራል። ሳውዝዌስት ላይ የፖይንቱ ዋጋ የካሽ ዋጋውን ተከትሎ ነው የሚወጣና የሚወርደው። ለአንድ ሰው ብልጭ ያለ ቅናሽ አይገኝም ማለት ነው። ለስድስት ሰው ግን ጥቅሙ ይኼው ነው፦ የሚሸጥ ወንበር ካለ በፖይንት ይገዛል። ብትሰርዙ ፖይንቱ ይመለሳል። ድሮ በነጻ የነበረው ሻንጣ ከግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለአብዛኛው መንገደኛ ይከፈልበታል፣ እሱን ደምሩ።

ሆቴሉ ሳን ህዋን ከተማ ውስጥ ካሪቤ ሂልተን አለ። ከከተማ ወጣ ሲባል ሪዮ ግራንዴ ላይ የሃያት ሪጀንሲ ሪዞርት አለ፣ ኤል ዩንኬ ጫካ ቅርብ ነው። ዶላር ይሠራል፣ ስልካችሁ እንደ ቤታችሁ ይሠራል፣ ልጅ ቢታመም ግን ኢንሹራንሳችሁ እዚያ ይሠራ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። ከሳን ህዋን ውጭ ግን መኪና መከራየት ግድ ነው፣ ለስድስት ሰው ደግሞ ሚኒቫን።

ፑንታ ካና፦ ሁሉም ተካቷል፣ ግን ለማን?

ኦል ኢንክሉሲቭ ሲባል ምግቡም መጠጡም በክፍሉ ዋጋ ውስጥ ነው። በፖይንት ከተያዘ ምግቡም በፖይንት ተከፈለ ማለት ነው። ለቤተሰብ ከዚህ በላይ ምን አለ? በፌዝ አይደለም የምጠይቀው። ሃያት ዚቫ ካፕ ካና ልጆች ይዞ ለሚሄድ በጣም ጥሩ ቦታ ነው። ዚላራ የሚባለው ወንድሙ ግን አዋቂ ብቻ ነው የሚያስገባው፣ ስሙ እንዳያሳስታችሁ።

ሁለት ነገር ግን አለ። አንደኛ፣ የፖይንት ዋጋው የሚሰላው ለሁለት ሰው ነው። ተጨማሪ ሰው ተጨማሪ ዋጋ አለው። የልጆቹን ዕድሜ አስገብታችሁ የመጨረሻውን ቁጥር ሳታዩ ደስ አይበላችሁ።

ሁለተኛው የእኛው ጉዳይ ነው። በዚያ ዋጋ ውስጥ ትልቁ ነገር መጠጥና ሥጋ ነው። የማይጠጣ ቤተሰብ፣ ፕሮቴስታንትም ሆነ ሙስሊም፣ ለሌሎች ኮክቴል ነው የሚከፍለው። ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ ደግሞ ካላንደር አውጡ። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፣ በፈረንጅ ከኦገስት 7 እስከ 21። ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት "የመጨረሻዋን ሁለት ሳምንት እንጠቀምባት" የሚባልበት ጊዜ ማለት ነው። የሰኔ ጾም ደግሞ ሐምሌ 5፣ ጁላይ 12 ላይ ይፈታል። ከጁላይ 12 እስከ ኦገስት 6 ያለችው መስኮት ናት ለኦል ኢንክሉሲቭ የምትሆነው፣ ረቡዕና ዓርብ ሳይቆጠሩ። እናቴ ጾም ላይ ሆና ያንን ቡፌ እያየች ፍራፍሬ ስትበላ አሰብኩና ሳቄ መጣ።

ደግነቱ የአየሩም ነገር ከዚህ ጋር ይገጥማል። የካሪቢያን የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ቢሆንም የሚከፋው ከኦገስት አጋማሽ እስከ ኦክቶበር ነው። ጁላይ ይሻላል። ሳርጋሱም የሚባለው ቡናማ የባሕር ሣር ግን በጋውን በሙሉ ሊመጣ ይችላል፣ ፑንታ ካና አካባቢ በተለይ። ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ሳምንት እዚያ ያሉ ሰዎች የለጠፉትን ፎቶ እዩ።

ዛንዚባር፦ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው

ለብቻው ከአሜሪካ ተነስቶ ዛንዚባር መሄድ ለቤተሰብ አይመከርም። ለዘመድ ጥየቃ አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነ ግን ሁሉም ይለወጣል። ከቦሌ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ትልቁን የትኬት ወጪ ለዘመድ ጥየቃው አውጥታችኋል፣ ደሴቱ ምርቃት ነው።

እዚህ ላይ የምወደው መንገድ አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስታር አሊያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ነው። ስለዚህ በዩናይትድ ማይል (የአየር መንገዱ ፖይንት ማለት ነው) ወይም በኤር ካናዳው የፖይንት ፕሮግራም በኤሮፕላን (ስሙ ነው፣ አውሮፕላኑ አይደለም) ትኬቱ ይገዛል። የቼዝ ፖይንት ወደ ሁለቱም ይዛወራል፣ አሜክስ ወደ ኤሮፕላን። ኤሮፕላን ደግሞ በአንድ መንገድ ጉዞ ላይ 5,000 ፖይንት ተጨምሮበት መሃል ላይ እስከ 45 ቀን መቆየት ይፈቅዳል። ከዋሽንግተን ተነሱ፣ አዲስ አበባ ወር ሰንብቱ፣ ከዚያ በዚያው ትኬት ዛንዚባር ቀጥሉ። የነዳጅ ተጨማሪም አያስከፍልም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የራሱ ፖይንት፣ ሼባ ማይልስ፣ ያላችሁ ደግሞ ለአዲስ አበባ-ዛንዚባሯ አጭር በረራ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፣ ግን ከአሜሪካ ትልልቅ ባንኮች ፖይንት ወደ ሼባ ማይልስ አይዛወርም። በበረራ ያጠራቀማችሁት ብቻ ነው።

ወንበሩ ግን እንደ ሃዋይ ነው፣ ለትልቅ ቤተሰብ ቀድሞ መፈለግ አለበት። ለገናና ለፋሲካ ጭራሽ አታስቡት።

በፖይንት የሚያዘው ታዋቂው ሆቴል ስቶን ታውን ውስጥ ያለው ፓርክ ሃያት ነው። ያማረ ቤት ነው፣ አሮጌው ከተማም ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ግን ልጆቻችሁ ያሰቡት ነጭ አሸዋ እዚያ አይደለም። እሱ ሰሜን ኑንግዊና ኬንድዋ ነው፣ በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ። ምሥራቅ ዳርቻ፣ ፓጄ አካባቢ፣ ውሃው ሲሸሽ ሩቅ ነው የሚሸሸው፤ ልጅ ለመዋኘት ግማሽ ቀን ይጠብቃል። ኬንድዋና ኑንግዊ ያ ችግር ብዙም የለባቸውም። ስለዚህ ሁለት ሌሊት በፖይንት ስቶን ታውን፣ የቀረውን በካሽ ሰሜን። ከጁን እስከ ኦክቶበር ደረቅ ወቅት ነው፣ ከአሜሪካ የትምህርት ቤት ዕረፍት ጋር ይገጥማል። ከማርች እስከ ሜይ ያለው ዝናብ ነው።

ሲሼልስና ማልዲቭስስ? ቪዛ ላይ ሁለቱም ለአብዛኛው ፓስፖርት ደጋግ ናቸው። ማልዲቭስ ግን ክፍሉን በፖይንት ወስዳችሁ ወደ ደሴቱ የሚያደርሰው ሲፕሌን (ውሃ ላይ የሚያርፍ ትንሽ አውሮፕላን) ለእያንዳንዱ ሰው በመቶዎች ዶላር ያስከፍላል። በስድስት አባዙት። ለጫጉላ ሽርሽር ይሁን። ሲሼልስ ላይ ሂልተን ብዙ ቤት አለው፣ ግን አንዳንዶቹ ትንንሽ ልጅ አይቀበሉም።

ከመያዛችሁ በፊት

ፖይንቱን ለማዋጣት አትፈሩ። እቁብ የሚያውቅ ሕዝብ ነን። ሂልተን ከ10 ሰው ጋር በነጻ ማዋጣት ይፈቅዳል፣ ኤሮፕላን እስከ 8 ሰው፣ ዩናይትድ እስከ 5። የባልየው ብቻ፣ የሚስትየው ብቻ እየተባለ በየሂሳቡ የተኛ ፖይንት ብዙ ቤት አለ።

ከባንክ ወደ ሆቴል የተዛወረ ፖይንት ግን አይመለስም። አንድ ጊዜ ክፍሉን ስክሪን ላይ አይቼ 60 ሺህ አዛወርኩ። እስኪደርስ ክፍሉ ሄደ። ያ ፖይንት ሁለት ዓመት ተኛ። ስለዚህ መጀመሪያ ወንበሩ፣ ከዚያ ክፍሉ፣ ማዛወር መጨረሻ ላይ፣ ያውም በዚያው ሰዓት። ሁለት ክፍል ከሆነ በውስጥ በር የሚገናኙ መሆናቸውን ለሆቴሉ ደውላችሁ አስጽፉ። ስክሪኑ ላይ የተጠየቀ ጥያቄ ብቻ ነው፣ ቃል አይደለም።

እኛ በጁላይ ሦስተኛ ሳምንት ፖርቶ ሪኮ ሄድን። ሁለት ክፍል፣ አምስት ሌሊት፣ ስድስት ወንበር በሳውዝዌስት። 60 ሺህ ገደማ ፖይንት ተረፈ። ከኪስ የወጣው ሚኒቫኑ፣ ሻንጣውና ምግቡ ነው፤ እሱንም ግማሹን ከሱፐርማርኬት ገዝተን አቀለልነው። እናቴ አዲስ አበባ ከተመለሰች በኋላ ስለ ዛንዚባሩ ሐሳብ ነገርኳት። "እናንተ ብቻ ቀኑን ንገሩኝ፣ እኔ ከቦሌ እነሳለሁ" አለች። የቢጫ ወባ ካርዷን ቀድማ አውጥታለች።